ሳሩ የሚጠበቀው ለማን ነው?

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ አቃቂያችን እንግዶች አሏት። ከሰሜኑ ዓለም ውርጭ የሸሹ ወፎች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ይሰፍራሉ። እኛም አንዳንድ ቅዳሜ ሄደን እናያቸዋለን፤ አፍንጫችንን ይዘን! የአዲስ አበባ ፍሳሽና የፋብሪካው ዝቃጭ የሚያርፈው እዚሁ ነዋ። እምቦጩም አለ።

ባለፈው እዚያው ቆመን ተከራከርን። መሬት ጠባቂ ሲያጣ እንዲህ ከሆነ፣ ጠባቂ ሲያገኝስ የሚጠበቀው ለማን ነው?

እስቲ ከሩቅ እንነሣ። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ደጋዎች ባለመሬቶቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰፊ ቁጥቋጦ ሲያስጠብቁ የኖሩት ለአንዲት ቆቅ መሰል ወፍ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ በጥይት ሊያወርዷት። አሮጌው ቁጥቋጦ ለወፏ ለምለም ቀንበጥ እንዲያወጣ በየተራ ይቃጠላል። ቀበሮ ይገደላል፤ ጭልፊትም ሕግ እየከለከለ አልተረፈም። እሳቱ ከሥር ያለውን ረግረጋማ አፈር ከነካ ደግሞ ለሺህ ዓመታት የታመቀ ካርቦን ይለቀቃል። ሐቁን ለመናገር፣ መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ አንዳንድ ሌሎች ወፎችም በዚያው ጥበቃ ተጠቅመዋል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ አደኑም ማቃጠሉም በፈቃድ እንዲሆን ወስናለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንዝ አለላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጣለለው ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል (ፖለቲካውን አላልንም!)። ሳሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል። ሰርቆ የገባ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም፣ ማንም ለእነሱ ብሎ ሳይደክም፣ በሳሩ ተጠግተው ኖሩ።

ጉድለት ግን ነበረው። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆኑ ባለርስቶች ብቻ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ፤ የቀደመ አጨደ፣ ያለው ከብቱን አሰማራ። ኋላ ነው ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የዘር ሐረግ ሳይቆጥር፣ ጓሳውን መልሶ መጠበቅ የጀመረው።

ጥበቃ ሁሉ ባለቤት አለው፤ እዚያ አዳኙ፣ እዚህ አጫጁ። አባ ሳሙኤልንስ ማን ይፈልገዋል? አዳኝ የለው፣ አጫጅ የለው። የመንዝ ሰው ጓሳውን የጠበቀው ቤቱ እንዳያፈስ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ግን ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ የቆሸሸውን ውሃ ከደጃችን ሸኝተን እንተኛለን። ወፎቹ ግን በመጪው ጥቅምትም ይመጣሉ፤ የሸኘነውን ሊጠጡ።