ኢንተርፌሮሜትሪ ምን ማለት ነው?

ኢንተርፌሮሜትሪ ሞገዶችን አደራርቦ የመለካት ዘዴ ነው። ሁለት ጠጠሮች ኩሬ ላይ ሲወድቁ ሞገዶቻቸው ይገናኛሉ፤ ከፍታ ከከፍታ ሲገጥም ይጎላል፣ ከፍታ ከዝቅታ ሲገጥም ይጠፋፋል። ሁለት የሌዘር ጨረሮችም ሲደራረቡ እንዲሁ ይደምቃሉ ወይም ይደበዝዛሉ። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያም ያነሰ የርቀት ለውጥ በድምቀቱ ይታወቃል።

ዘዴው በሌዘር በሁለት መንኮራኩሮች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በመጠቁት የአሜሪካና የጀርመን መንትያ ሳተላይቶች፣ በ«ግሬስ ፎሎው ኦን» ነው። አንዱ ሌላውን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይከተላል። ክረምት የደጋውን አፈር በውሃ ሲሞላ የምድር ስበት በዚያ ስፍራ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ፊተኛው ቀድሞ ይሳባል፣ ርቀቱም ይለወጣል። ስለዚህ «ርቀት ይለካል» ስንል ሌዘሩ የሚለካው የርቀቱን ለውጥ እንጂ ጠቅላላውን ርቀት አይደለም።

ከርቀቱ ለውጥ የውሃው መጠን ለውጥ ስለሚታወቅ፣ ይህ ልኬት ለወልዲያና ለመርሳ ከተሞች እንዲሁም ለሀብሩ ወረዳ ይጠቅማል፤ በአካባቢው ያለው የቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ መስኖ ይለማልና። ነገር ግን ሳተላይቶቹ የሚያዩት የመቶዎች ኪሎ ሜትሮችን ስፋት ነው፤ የአፈሩን፣ የሐይቁንና የከርሰ ምድሩን ውሃም ደምረው ያሳያሉ። የሀብሩን ድርሻ ለመለየት በየጉድጓዱ የውሃውን ከፍታ ዓመት ከዓመት መመዝገብ የግድ ነው። የጠፈሩ ልኬት ያለዚህ መዝገብ ለገበሬው ምሉዕ አይሆንም።