የሕመም ስምና ቁጥር፤ የሆስፒታል ኮድ ሠልጣኝ የሚወርሰው ሥራ

በእንግሊዝ አገር በአንድ ሆስፒታል የኮድ ሠልጣኝ ሆኖ የሚቀጠር ወጣት ሕመምተኛ አያይም፤ መርፌም አይጨብጥም። ከፊቱ የሚቀርብለት ታክሞ የወጣ ሰው የሕክምና መዝገብ ነው። ሐኪሞች በችኮላ የጻፉትን አንብቦ ለእያንዳንዱ ሕመም ከዓለም አቀፉ የበሽታዎች ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ቀዶ ጥገናም አገሪቱ ከምትጠቀምበት ሌላ ዝርዝር ቁጥሩን ፈልጎ ይመድባል። ለምሳሌ ያህል፣ ያመጣው ጀርም ተለይቶ ያልታወቀ የሳንባ ምች «ጄ 18.9» ተብሎ ይመዘገባል። እኛ መሐንዲሶች ለብሎንና ለኩሽኔታ መለያ ቁጥር መስጠት የለመድን በመሆናችን ነገሩ ቀላል ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ ኩሽኔታ በመለኪያ ይለካል፤ ሕመምን ግን አስቀድሞ አንብቦ የሚሰይመው ሰው ያስፈልጋል። ይህ የመሰየም ሥራ በእነማን እጅ እንዳለፈ ለማወቅ ከ350 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ17ኛው መቶ ዓመት በለንደን ከተማ ሰው በሞተ ጊዜ ሬሳውን አይተው የሞቱን ምክንያት ለአጥቢያው ጸሐፊ የሚያስታውቁ፣ «ፈላጊዎች» የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉና ድኾች ሲሆኑ የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። የከተማይቱ የሟቾች ዝርዝር በየሳምንቱ ታትሞ የሚወጣው በእነርሱ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነበር። የ1632 ዓመታዊ ዝርዝር «ጥርስ» በሚል ርእስ 470፣ «ፕላኔት» በሚል 13፣ «ሐዘን» በሚል ደግሞ 11 ሙታንን ይቈጥራል። አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን «ጥርስ» ከተባሉት የሚበዙት ጥርስ በሚያበቅሉበት ዕድሜ የተቀጠፉ ሕፃናት ነበሩ።

ጆን ግራንት የተባለ የለንደን ነጋዴ እነዚህን ዝርዝሮች ሰብስቦ፣ ደምሮና አመሳክሮ በ1662 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከ100 ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱም ገመተ። እኔን ከግምቱ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የቍጥሮቹን ምንጭ መመርመሩ ነው። በቂጥኝ መንምኖ የሞተ ሰው ቤተሰብ ለፈላጊዋ ቢራ ካጠጣና ክፍያዋን እጥፍ ካደረገላት የሟቹ ሕመም በሌላ ስም ይመዘገብ እንደነበረ ግራንት ተገንዝቧል። ደማሪው ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ስሙ መጀመሪያ ሲሰጥ የገባው ስሕተት እስከ መጨረሻው ድምር ድረስ አብሮ ይጓዛል።

በእንግሊዝና በዌልስ የሞት ምዝገባ በመንግሥት እጅ የገባው በ1837 ነው። በመዝገብ ቤቱ የስታቲስቲክስን ሥራ የያዘው ሐኪሙ ዊልያም ፋር አንዱ በሽታ በሦስትና በአራት ስም መጠራቱ፣ አንዱም ስም ለብዙ በሽታዎች መዋሉ ስላሳሰበው አንድ ወጥ አመዳደብ እንዲኖር ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። በ1855 በፓሪስ በተደረገው የስታቲስቲክስ ጉባኤ እርሱና የጄኔቫው ማርክ ዴስፒን በተለያየ መሠረት የተዘጋጁ ሁለት ዝርዝሮች አቀረቡ፤ ጉባኤውም ሁለቱን አስታርቆ 139 ርእሶች ያሉት ዝርዝር ተቀበለ። እንደ ማንኛውም የኮሚቴ ሥራ ይህም ማንንም ሙሉ በሙሉ ያስደሰተ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ የሚቈጠሩት ሙታን ነበሩ። በሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙት ሕያዋንም በአንድ ዓይነት ደንብ እንዲመዘገቡ በ1860 ለለንደኑ ጉባኤ ሐሳብ ያቀረበችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። ሆስፒታሎች ውጤታቸው እንዲነጻጸር የፋርን አመዳደብ እንዲጠቀሙ ጠየቀች። ለዛሬው ሠልጣኝ ሥራ ቅርብ ቅድመ አያት ብንፈልግ የምናገኘው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክስ ኃላፊ ዣክ በርቲዮን በ1893 በቺካጎ አዲስ ዝርዝር አቀረበ፤ በ1900 ከ26 አገሮች የመጡ መልእክተኞች በፓሪስ ተሰብስበው አሻሻሉት። በ1948 ሥራው ወደ ዓለም የጤና ድርጅት ሲዛወር፣ ስድስተኛው እትም ሰው የሚሞትባቸውን ብቻ ሳይሆን የሚታመምባቸውንም በሽታዎች አካተተ። ዐሥረኛው እትም በ1990፣ ዐሥራ አንደኛው በ2019 ጸደቁ።

ሠልጣኙ ወደዚህ ረጅም ሰንሰለት የሚገባው መሠረታዊ ኮርስ በመከታተልና ልምድ ባለው ባልደረባ ቍጥጥር ሥር በመሥራት ነው። መጀመሪያ የሚማረው በፊደል ተራ ከተዘጋጀው ማውጫ ያገኘውን ቁጥር በዋናው ዝርዝር ሳያረጋግጥ እንዳይጽፍ ነው። ሐኪሙ ከበሽታው ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት ካኖረ ሠልጣኙ በሽታውን ትቶ ምልክቱን፣ ለምሳሌ የደረት ሕመም መሆኑን፣ ይመዘግባል። ደንቡ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት አለው። ከ2003 ጀምሮ በእንግሊዝ የሆስፒታሎች ክፍያ ከኮዱ ጋር መያያዝ በመጀመሩ ለከበደ ሕመም የሚሰጥ ቁጥር የበለጠ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል። በአንጻሩም ሳይመዘገብ የቀረ ሕመም ሆስፒታሉ በእርግጥ የሠራውን ሥራ ይሰውረዋል። የፈላጊዋ ፈተና መልኩን ለውጦ ዛሬም በጽሕፈት ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው።

ስለዚህም ሕመምተኛው በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋቱ በመድኃኒት ማዘዣው ላይ ቢታይም፣ ሐኪሙ «የስኳር በሽታ» ብሎ እስካልጻፈ ድረስ ሠልጣኙ በራሱ ግምት ቁጥር አይሰጥም። መዝገቡን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሄድና ይጠይቃል።