ዜና መዋዕል ዘገበያ ጎንደር

በስመ ሥላሴ። ከአዘዞ መንገድ ጀምረን የጎንደርን ገበያ ዜና እንጽፋለን።

አፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን አሠሩ። ልጃቸው አፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ንጉሥ ካለ ሠራዊት አለ፤ ሠራዊት ካለም ገበያ አይጠፋም። ሲራራ ነጋዴ ከምጽዋ ሐርና ግምጃ አመጣ፤ ከመተማም በጭልጋ በኩል ወጣ። ወርቅ፣ ዝባድና ሰም ጭኖ ተመለሰ።

በጻድቁ አፄ ዮሐንስም ዘመን ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይቀመጥ ተብሎ ታወጀ። ነጋዴዎቹ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ ሰፈሩም አዲስ ዓለም ተባለ። ቤት ቢለይ ገበያ አልተለየም፤ ገዢና ሻጭ በቀን ይገናኙ ነበርና።

የገበያውም ሥርዓት እንዲህ ነበረ። አሞሌ ጨው እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ተቀባዩ ጫፉ መሸረፉን በጣቱ ይዳስሳል። ጠገራ ብር የመጣ እንደ ሆነ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፤ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ዘውድ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከደበዘዘበት፣ ንግሥት ናት ብሎ አያፍርም፤ ይመልሳታል።

ከዚህም በኋላ መከራ መጣ። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውሃ ድል በሆኑ ጊዜ ደርቡሽ ገብቶ ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አነደደ። የሞተው ሞተ፤ የተረፈው ጨውና እህሉን ይዞ እንደ ገና በሜዳው ተቀመጠ።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። ከፋሲል ግንብ በታች ፖስታ ቤትና ሲኒማ ሠራ፤ አደባባዩንም ፒያሳ አለው። በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ፤ ባዕድ ሄደ፣ ፒያሳ የሚለው ቃሉ ግን ቀረ።

በእኛም ዘመን የኮሪደር ልማት መጣ፤ ለእግረኛ ሰፊ መንገድ ተነጠፈ። ከአዘዞ በሚኒባስ የመጣ ሰው ፒያሳ ወርዶ በእግሩ ይንሸራሸራል። ዘንቢል የያዘችው ግን አትዘገይም፤ ወደ ቅዳሜ ገበያ ታልፋለች። ያ ገበያ ስሙን ከንጉሥም ከባዕድም አልተዋሰም፤ ከቀኑ ወሰደ እንጂ። ቀኑም በየሳምንቱ ይመለሳል።