ለረጅም አገልግሎት የሚታጠፍ ልብስ

ባለፈው ሳምንት ከጉባኤያችን ወደ አንድ የእስያ አገር በበጎ ፈቃድ ለዓመታት ሊያገለግሉ ለሚሄዱ ወጣት ባልና ሚስት ልንጸልይ ቤታቸው ሄደን ነበር። ሻንጣዎቹ ምንጣፉ ላይ ተከፍተዋል፤ ሚዛን ከጎረቤት ተውሰው አምጥተዋል። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ብቻ ነው። የልጁ እናት የሠርጉን ሱፍ አጥፈው ያስገባሉ፣ እሱ ያወጣዋል። «ወንጌል ይዞ የሚሄድ ሰው እንዴት ተራ መስሎ ይታያል? ፓስተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉን። ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ማታ ግን በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን የተማርነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን።

ሃድሰን ቴይለር ከሊቨርፑል ወደብ የተሳፈረው በመስከረም 1853 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 21 ነበር። ከአምስት ወር በላይ በባሕር ተጉዞ በመጋቢት 1854 ሻንግሃይ ደረሰ። እንደ ሌሎቹ ሚስዮናውያን የአገሩን ኮት ለብሶ መስበክ ጀመረ። ከወደቡ ወጥቶ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ግን ሕዝቡ የሚሰበሰበው ልብሱን ለማየት ሆነ። ስለዚህ በነሐሴ 1855 ጸጉር አስተካካይ ጠርቶ የፊቱን ጸጉር አስላጨ፣ የቀረውን ጥቁር ቀለም አስነከረ፣ የቻይናውያንን ቀሚስ ለበሰ።

ለእህቱ የጻፈው ደብዳቤ ደስ ይለናል፤ የቅዱስ ገድል አይመስልም። በሙቀት ሽፍታ የቆሰለ ራስ ሲላጭ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ቀለሙ ለሰዓታት ሲቀመጥበት ምን እንደሚያደርግ ይነግራታል። ካልሲው ከማይለጠጥ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ጫማው ጣት ይጨብጣል፤ ሱሪው ደግሞ በወገቡ ከልኩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ታጥፎ በመቀነት ይታሰራል። ራስን ዝቅ ማድረግ ብለን የምንሰብከው ነገር ለእሱ በመጀመሪያ የራስ ቆዳና የእግር ጣት ሕመም ነበር።

ከዚህ የባሰው የወገኖቹ ንቀት ነው። በወደቡ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዛውያን የአገራችንን ክብር ጣለ አሉት።

በግንቦት 1866 ቴይለር ከሚስቱ ከማሪያ፣ ከአራት ልጆቻቸውና ከ16 አዳዲስ አገልጋዮች ጋር ላመርሙር በተባለች መርከብ ከለንደን ተነሣ። በአውሎ ነፋስ ሊሰጥሙ ጥቂት ቀርቷቸው በመስከረም መጨረሻ ሻንግሃይ ገቡ። ሁሉም፣ ሴቶቹም ጭምር፣ የቻይና ልብስ እንዲለብሱ አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው ሉዊስ ኒኮል የተባለ ከስኮትላንድ የመጣ አንጥረኛ ከባለቤቱ ጋር ሺያዎሻን በምትባል ከተማ ሲመደብ የእንግሊዝ ልብሱን መልሶ ለበሰ። የአገሩ ልብስ ያስከብራል፣ ከአደጋም ይጠብቃል የሚል ነበር ክርክሩ።

በ1867 መጀመሪያ የከተማይቱ ዳኛ ወደ ቤቱ መጣ። በኒኮል ላይ እጁን አላነሣም። የተያዘው አብሮት የሚያገለግለው ቻይናዊ ወንጌላዊ ነው፤ ያንን ወንድም ክፉኛ አስገረፈው። ሚስዮናውያኑም ከተማውን ለቀው ወጡ። ጠቡ በዚህ አላበቃም፤ ከልብስ አልፎ የመሪነትና የመታመን ጉዳይ ሆነና ኒኮል በ1868 ከማኅበሩ ተሰናበተ።

ኮሌጅ ሳለን በኒኮል ላይ ለመፍረድ ፈጣኖች ነበርን። አሁን ዕድሜያችን ሃምሳን ካለፈ በኋላ ቀስ እንላለን። ሚስቱን ይዞ ባዕድ ከተማ የገባ ሰው ነው፤ ፈራ። የልብሱ ነገር ግርፋቱን አመጣው ማለትም አንደፍርም። ነገር ግን ያ ኮት ከለላ ሆኖ ከነበረ የከለለው የለበሰውን ብቻ ነው። አጠገቡ የቆመው ወንድም እንዲህ ያለ ኮት አልነበረውም። የወጣቱን እናት ጥያቄ ስናስብ የሚመላለስብን ይህ ነው።

ኤሚ ካርማይክልም ብዙ ሳትቆይ ተምራዋለች። በ1893 ወደ ጃፓን ሄዳ ሳለች አንዲት የታመሙ አሮጊት ልትጠይቅ ገባች። ብርድ ስለነበረ የጠጉር ጓንት አድርጋለች። አሮጊቷ ቃሉን በጽሞና ሲሰሙ ቆይተው ጓንቱን አዩና ምንነቱን ይጠይቁ ጀመር፤ ንግግሩም ተቋረጠ። ኤሚ ወደ ማረፊያዋ ተመልሳ የእንግሊዝ ልብሷን አውልቃ ኪሞኖ ለበሰች። በኋላም ሕንድ ገብታ እስከ 1951 ድረስ፣ 55 ዓመት ሙሉ ለዕረፍት እንኳ ወደ አገሯ ሳትመለስ፣ ሳሪ ለብሳ እዚያው አረፈች።

እንዲህ ሲባል የቴይለርን ቀሚስ ገልብጠን እንስፋ ማለታችን አይደለም። ያን የተላጨ ራስና የተጎነጎነ ጸጉር በ1645 የማንቹ ገዥዎች በቻይናውያን ላይ በሞት ቅጣት ያስገደዱት ነበር፤ ሥርወ መንግሥቱ በ1912 ሲወድቅ ቻይናውያን ራሳቸው ጉንጉናቸውን ቆረጡት። ቴይለር የለበሰው የዘመኑን ጎረቤት እንጂ የጥንቱን ቻይና አይደለም። ዛሬ ልጆቻችን የሚሄዱበት ከተማ ሰው ጂንስና ቲሸርት ይለብስ ይሆናል። ሁለት ቅያሪ ይዞ ሄዶ የቀረውን ከሠፈሩ ገበያ መግዛት ይቻላል፤ ገበያውም ቋንቋ ያስተምራል።

ሐዋርያው ጳውሎስም እስር ቤት ሆኖ ጢሞቴዎስን በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ ከክረምትም በፊት እንዲደርስለት ለምኖታል (2ኛ ጢሞ. 4፡13፣ 21)። ለሁሉ ሁሉን ነገር የሆነው ሰው እንኳ ይበርደው ነበር።

በማግስቱ ተመልሰን ይህንኑ አጫወትናቸው። እናቱ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ሱፉን ከሻንጣው አውጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀሉት፤ በቦታው ግን የራሳቸውን ጋቢ አጥፈው አስገቡ። ልጁ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። ሚዛኑ 23 ኪሎ ከሩብ አለ። ስለዚህ አንድ ጥንድ ጫማ ወጣ።