አር-ራዚና የልጆች ትኩሳት

ልጅ በሌሊት ሰውነቱ ሲግል እናት «ምን አገኘብኝ?» ትላለች። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ አጥብቆ የመረመረ ሐኪም ነበር፤ አቡበከር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ።

አር-ራዚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስ ምድር በረይ ከተማ ተወለደ። በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርቷል። ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ ባዘጋጀው መጽሐፉ ሁለቱን በምልክታቸው ለይቶ አስቀመጠ። ትኩሳቱ ሽፍታውን ይቀድማል፤ የጀርባ ሕመም ከጠናና ልጁ በእንቅልፉ ከቃዠ ወደ ፈንጣጣ ያደላል፤ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ከበረታ ደግሞ ወደ ኩፍኝ አለ። ቴርሞሜትር በሌለበት ዘመን መሣሪያው ዓይኑና ጆሮው ብቻ ነበሩ።

መንስኤውን ግን ስቷል። የልጅ ደም እንደ ትኩስ የፍሬ ጭማቂ ስለሚፈላ ነው ብሎ አሰበ። ሁለቱም በሽታዎች ከቫይረስ እንደሚመጡ የታወቀው ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሽፍታው ቶሎ እንዲወጣ በሽተኛው በልብስ ይሸፈን ማለቱም አላዋጣም። እኛም ቤት እኮ «ኩፍኙ ይውጣለት» እያልን ልጁን በብርድ ልብስ ጀቡነን በር እንዘጋበታለን! መሸፈኑ ሙቀቱን ይጨምርበታል እንጂ በሽታውን አያወጣም። ስስ ልብስ ይልበስ፤ ፈሳሽ ይጠጣ፤ የሚጠባም ጡት አይከልከል።

አንድ ምክሩ ግን ዛሬም ያስገርመናል፤ ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ዓይን ተንከባከቡ ብሏል። ኩፍኝ ዓይን ያሳውራልና ዛሬ በጤና ተቋም ለታመመው ልጅ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል።

ፈንጣጣ በሀገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ኩፍኝ ግን አልጠፋም። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚረሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ትኩሳት ሁሉም ኩፍኝ አይደለም፤ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመምም ልጅን ያተኩሳሉ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰ፣ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊቱ እስኪነጋ ሳንጠብቅ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።