የረዳት ነርስ ሙያዊ ቃላት በሆሳዕና፣ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች

የረዳት ነርስ ሙያዊ ቃላት የሚባሉት ከታካሚው አልጋ አጠገብ የሚውል ሠልጣኝ ሊሰማቸው፣ በትክክል ሊጽፋቸውና ለነርስ ሊያደርሳቸው የሚገቡ የሕመም፣ የልኬት፣ የዕቃና የእንክብካቤ ስያሜዎች ናቸው። አብዛኞቹ በመላ ኢትዮጵያ አንድ ናቸው። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ግን ሥራው አንድ ተጨማሪ ሸክም አለው። ታካሚው ሕመሙን በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ይናገራል፤ ባለሙያዎቹ በአብዛኛው በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ የአካባቢው ቋንቋዎች የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቤተሰብ ናቸው፤ ቢዛመዱም አንዱን መናገር ሌላውን ለመናገር አያበቃም። የታካሚው ቃል ወደ ካርዱ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይለውጣል፤ በየመሸጋገሪያውም ትርጉሙ ሊዛነፍ ይችላል።

አካባቢውና ሥልጠናው

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ይህን ስም ይዟል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረትም መቀመጫው ሆናለች። ትልቁ ሆስፒታል የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ነው፤ እሌኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሀዲያ ገዥ ልጅና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ነበሩ። በከተማዋ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለ። በከምባታ በኩል የዱራሜ ሆስፒታል አለ፤ ከሆስፒታሎቹ በታች ጤና ጣቢያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠሩባቸው የቀበሌ ጤና ኬላዎች ይገኛሉ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ከነርስ በታች ያለው የሥራ መደብ በኢትዮጵያ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። አዛውንቶች እስከ ዛሬ መርፌ የሚወጋንና ቁስል የሚያጥብን ሰው ሁሉ «ድሬሰር» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወዲህ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ እየተለዩ መጡ፤ «ጤና ረዳት» የሚለው ስምም ለረጅም ዘመን በየገጠሩ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በሆስፒታል ውስጥ ታካሚ የሚያጓጉዘው «ፖርተር»፣ ናሙናና ወረቀት የሚያመላልሰው «ራነር» ይባላል። ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚቆየው ግን ደመወዝ የማይከፈለው አስታማሚ ነው። ልጅ፣ እህት ወይም ጎረቤት ሆኖ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ሌሊቱን ይጠብቃል። ሠልጣኙ የሚያውቀውን ለአስታማሚው ካላስተማረ ከተራው ሲወጣ እንክብካቤው ይቋረጣል።

ከአካባቢው ሥራ ሌላ ለሥልጠናው ምክንያት የሚሆነው የውጭ አገር ሥራ ነው። ከአካባቢው ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ብዙ ሴቶችም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሄደዋል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሚሄዱ ሠራተኞች የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀትን ደንግጓል፤ አዛውንትና ሕፃን መንከባከብም ከሚፈለጉት ሙያዎች አንዱ ሆኗል።

የሕይወት ምልክቶች

ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚማረው «ቫይታል ሳይን» የሚባሉትን ልኬቶች ነው፤ እነሱም የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን ናቸው። የጤነኛ አዋቂ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹ ከ12 እስከ 20 ነው። የደም ግፊት 120/80 አካባቢ ይጠበቃል፤ በተደጋጋሚ 140/90ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ግፊት ይባላል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በደጋ ከቆላ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ የሆሳዕና ንባብ ከባሕር ዳርቻ አገር መጽሐፍ ጋር እኩል ባይሆን አያስደንግጥም። ዝቅታው ከታካሚው የትናንት ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ታካሚው የሚያቃስት ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ግን ንጽጽር ሳይጠበቅ ነርስ ይጠራል።

የሕፃናት ትንፋሽ በችኮላ አይቆጠርም። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ምልክትም ሊሆን ይችላል። በ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ብዙ ቦታ ይታያል፤ የሕፃን አተነፋፈስ ወጥ ስላልሆነ ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

የሚያሳስቱ የአማርኛ ቃላት

አደጋ ያለባቸው ሠልጣኙ የማያውቃቸው ቃላት ብቻ አይደሉም፤ አውቃቸዋለሁ ብሎ የሚያልፋቸው ይብሳሉ። «ድርቀት» አንዱ ነው። እናት «ልጄን ድርቀት ይዞታል» ስትል ሰገራ አልወጣ ማለቱን ልትናገር ትችላለች፤ ባለሙያ «ድርቀት» ሲል ግን በተቅማጥና በትውከት የተነሣ ሰውነት ፈሳሽ ማጣቱን ነው። የመጀመሪያው ሊጠብቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሕፃንን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «የሆድ ድርቀት» እና «የፈሳሽ እጥረት» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይገባል። የጎደጎደ ዓይን፣ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለስ የሆድ ቆዳና የጥማት መንሰፍሰፍ የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች ናቸው።

«አንቀጠቀጠው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ወደ ቢላቴ ሸለቆ በሚወርደው የባደዋቾ ቆላ ወባ ስላለ ታካሚዎች ቃሉን ብዙ ጊዜ ለብርድ ብርድ ማለት ይጠቀሙበታል፤ ለሚጥል መንዘፍዘፍም ይኸው ቃል ይነገራል። ለመለየት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ ሲጠሩት ይሰማ ነበር? ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ነበር? እጅና እግሩ ተገትሮ ነበር? የሚንዘፈዘፍ ሕፃን፣ ጡት መሳብ ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ተራ ሳይጠብቅ ይገባል።

«ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ» በብዙ ሰው አእምሮ ተቃራኒዎች ናቸው። የመጀመሪያው የደም ግፊት መጨመር ነው፤ ሁለተኛው ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ጉድለት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩባት ይችላሉ። ነገሩ ካልተብራራላት «ደሜ ስለ በዛ» ብላ የአይረን ኪኒኗን ልትተው ትችላለች። «ምች» ደግሞ በሕዝቡ አነጋገር ፀሐይ ወይም ሽታ ያመጣው ለሚባል፣ በዳማ ከሴ ለሚታከም ትኩሳትና የከንፈር ቁስል የሚውል ቃል ነው፤ «የሳንባ ምች» ከዚህ ጋር ስሙን እንጂ ሕክምናውን አይጋራም። ስሙ የጋራ በመሆኑ ብቻ ዳማ ከሴ ታሽቶለት የሚቆይ ሕፃን አንቲባዮቲክ ይዘገይበታል።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ዐረፈ» ነው። ተኝቶ የሚያርፍን ታካሚ ቤተሰቡ ቢጠይቅ «ዐረፈ» ብሎ መመለስ ሞቷል ማለት ነው። «እንቅልፍ ወስዶታል» ይባል። እውነተኛ ሞት ሲሆን ደግሞ መርዶው የሠልጣኙ ሥራ አይደለም፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ የቤተሰቡን ታላቅ ለይታ ትነግራለች።

ሰዓትና ቀን

በካርድ ላይ «8:00» የሚል ጽሑፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት ለኢንሱሊንና ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ቀላል አይደለም። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል ሁልጊዜ ይጨመር። «ቢ አይ ዲ» በቀን 2 ጊዜ፣ «ቲ አይ ዲ» 3 ጊዜ፣ «ኪው አይ ዲ» 4 ጊዜ፣ «ፒ አር ኤን» ሲያስፈልግ ብቻ ማለት ነው። «ኤን ፒ ኦ» ከተባለ ውሃም ቢሆን በአፍ አይሰጥም፤ ይህን ለአስታማሚው መንገር የሠልጣኙ ድርሻ ነው፤ ካልተነገረ ቀዶ ሕክምና በአንድ ኩባያ አጥሚት ምክንያት ይተላለፋል።

የመድኃኒት ማብቂያ የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «08/2025» የሚል ብልቃጥ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አብቅቷል፤ ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቆጥር ሰው ግን ገና ዓመታት የቀሩት ሊመስለው ይችላል። የነፍሰ ጡር የመጨረሻ የወር አበባ ቀንም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተለይቶ ይጻፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመውለጃውን ቀን ለመገመት 9 ወር ከ10 ቀን ይደመርበታል፤ ጥቅምት 5 ቢሆን ሐምሌ 15 ይመጣል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን 9 ወር ከ4 ቀን።

ስም የማይጠራበት ጊዜ

በከምባታ «ባሊሻ» የሚባል የአክብሮት ሥርዓት አለ፤ በሀዲያም ተመሳሳዩ ይታወቃል። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ሥርዓቱን አጥብቃ የምትይዝ ከሆነ ስማቸው በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ተራ ቃላትን እንኳ በሌላ ቃል ትተካለች። በወጣቶችና በከተማ እየቀረ ቢሆንም በዕድሜ በገፉ ሴቶች ዘንድ አልጠፋም። ለካርድ ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕፃን ይዛ የመጣች እናት የልጁን ሙሉ ስም ስትጠየቅ የሚፈለገው የአያት ስም የአማቷ ስም ነው። ዝም ብትል አላወቀችም ወይም ደበቀች ማለት አይደለም። ከክትባት ካርዱ ማየት ወይም አብሯት የመጣውን ሰው መጠየቅ ይበቃል፤ በሰው ፊት ደጋግሞ ማስጨነቅ ሥርዓቷን መድፈር ነው።

የእንክብካቤ ቃላት

አልጋ ይዞ የሚሰነብት ታካሚ «የአልጋ ቁስል» እንዳያገኘው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። ቁስሉ የሚጀምረው በወገብ ግርጌ፣ በዳሌ፣ በተረከዝና በክርን ነው፤ የመጀመሪያ ምልክቱ ተጭነው ሲለቁት የማይጠፋ መቅላት ሲሆን በጠቆረ ቆዳ ላይ በሙቀትና በመጠንከር ይታወቃል። «የገባና የወጣ» የሚባለው መዝገብ የጠጣውን፣ በግሉኮስ መስመር የገባለትንና የሸናውን በሚሊሊትር የሚይዝ ነው። አንድ አዋቂ በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር በታች ከሸና ለነርስ ይነገራል። ካቴተር ያለው ታካሚ የሽንት ከረጢቱ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ።

ምግብ በእንሰት አገር የራሱ ትምህርት አለው። ቆጮና ቡላ፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው የሀዲያ አተካናም ለአራስና ለታማሚ የሚቀርቡ የፍቅር ምግቦች ናቸው። ቡላ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ቁስል ለሚድንለት ሰው ከአጠገቡ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ ወይም ባቄላ ሊኖር ይገባል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ቡላ ስታርች መሆኑን መንገር ያስፈልጋል፤ «ጣፋጭ አይደለም፣ ስኳር የለውም» የሚለው ግምት ስሕተት ነው።

ከብክለት መከላከል ጥቂት ቁጥሮች ይያዙ። እጅ በውሃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሻል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስበትም፤ እንዳለ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል።

ተራ ማስረከብ

ረዳቱ በሽታ አይሰይምም፣ መድኃኒት አይቀይርም። የሚያስረክበው ያየውን፣ የለካውንና የሰማውን ነው። «ወባ ሳይሆን አይቀርም» ከማለት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሙቀቱ 39.2፤ ብርድ ብርድ ይለኛል ብሏል፤ 2 ጊዜ አስመልሷል» ማለት ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ታካሚው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ የተናገረው ቃል በአማርኛ አጥጋቢ አቻ ካላገኘ ቃሉ እንዳለ ተጽፎ ቋንቋውን ለሚያውቅ ባለሙያ ይታይ። በአካባቢው የሚያስተምሩ አሠልጣኞችም ለየዋርዱ የሕመም ቃላትን በሀዲይሳ፣ በከምባቲሳና በአማርኛ ጎን ለጎን የሚያሳይ ዝርዝር ከነርሶቹና ከአገሬው አዛውንቶች ጋር አዘጋጅተው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ሠልጣኙም ታካሚውም ከመጀመሪያው ቀን ይጠቀማሉ።