ውሃው ያሳበቀው ጋራ

በአሶሳና ከእርሷ በስተደቡብ በተዘረጋው ከፍታ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ደመናው ሳይሆን የሚያርፍበት ተረተር ነው፡፡ ወደ ምሥራቅ ያጋደለው ወደ ዳቡስ ይወርድና እዚሁ በአገራችን ምድር ከዓባይ ይቀላቀላል፡፡ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ቱማትን ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ዓባይን የሚያገኘው ሱዳን ውስጥ ነው፡፡ በያቡስ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ ምዕራብ ነጉዶ በማቻር ረግረግ ይበተናል፤ እሱ የነጭ ዓባይ ወገን ነው፡፡ ከአንድ ደመና የወረደ ውሃ በአንድ ጋራ ጀርባ ላይ እንዲህ ይለያያል፡፡

ይህ የየብስ ሕግ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፡፡ ባሕር ግን ከዚህ ነጻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1868 ስኮትላንዳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዋይቪል ቶምሰን ‹ላይትኒንግ› በምትባል መርከብ ተሳፍሮ፣ በስኮትላንድና በፋሮ ደሴቶች መካከል ካለው ባሕር ውስጥ ቴርሞሜትር አወረደ፡፡ ያገኘው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር፡፡ በተመሳሳይ ጥልቀት፣ እምብዛም ባልተራራቁ ሁለት ሥፍራዎች፣ አንደኛው ውሃ ወደ በረዶነት የተጠጋ፣ ሌላው ግን ለዘብ ያለ ሆኖ ተገኘ፡፡ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ውሆች እንዴት ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ? መልሱ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ፡፡ ቶምሰን ‹ቻሌንጀር› በተባለችው መርከብ ዓለምን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ፣ የጉዞ ጓደኛው የነበረው የባሕር ኃይል መኮንን ቲዛርድ በሁለቱ ውሆች መካከል አንድ ግድግዳ መኖር አለበት የሚል ግምት ነበረው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1880 ‹ናይት ኤራንት› የተባለች መርከብ ተልካ የባሕሩን ጥልቀት ለካች፤ የተባለው ሸንተረርም ተገኘ፡፡ በ1882 ‹ትራይተን› ነገሩን አረጋገጠች፡፡ ቶምሰን ግን በዚያው ዓመት፣ ከዚያ በፊት፣ ሞቶ ነበር፡፡ ሸንተረሩ ዛሬ በስሙ ይጠራል፡፡ ማንም በዓይኑ ያላየውን ጋራ ያሳበቀው እንግዲህ ውሃው ነው፡፡

ነገሩ በዚያ አላበቃም፡፡ ከሰሜን ዋልታ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፡፡ ወደ አትላንቲክ ሊወጣ ሲል ከግሪንላንድ እስከ ስኮትላንድ የተጋደመ የባሕር ውስጥ ጋራ ያግደዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ በር ይፈልጋል፡፡ ከበሮቹ አንዱ በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል የሚገኘው የዴንማርክ መተላለፊያ ነው፡፡ የበሩ ደፍ 600 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል፡፡ ውሃው ያን ከተሻገረ በኋላ ቁልቁለቱን ይዞ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ይወርዳል፡፡ 40 ሜትር ያህል የሚወርደውን ጢስ ዓባይን አይተን የምንደነቅ ሰዎች ይህን ብናይ ምን እንል ነበር? ግን አይታይም፤ ፏፏቴው ራሱ ውሃ ውስጥ ነው፡፡

በደቡብ ዋልታ አንታርክቲካን የሚዞረው ጅረት ደግሞ የሚያግደው አህጉር የለም፡፡ በሴኮንድ ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያጓጉዛል፤ ዓባይ ድንበራችን ላይ በአማካይ የሚያወርደው 1,500 ያህል ብቻ ነው፡፡ ይህን የሚያህል ኃይል ግን እንደ ልቡ አይሄድም፡፡ ጅረቱ እስከ ወለሉ የጠለቀ ስለሆነ፣ ከሥር የከርጌለንን አምባ ሲያገኝ ይታጠፋል፤ የፓሲፊክን ሸንተረር ሲያገኝ ስንጥቁን እየፈለገ ያልፋል፡፡

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቤኒሻንጉልን ጋራና ውሃ ለአውሮፓ አንባቢ ቀድመው ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ ነው፡፡ የመጣው ግን ብቻውን አልነበረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1821 እና 1822 የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ሲዘምት አብሮ ተጓዘ፤ ፋዞግሊን አልፎ የበርታ አገር እስከሆነው እስከ ሲንጌ ደረሰ፡፡ የዚያ ካርታ የመጀመሪያ መስመሮች የተሰመሩት ከጠብመንጃ ጋር ነው ማለት ነው፡፡

የዓባይ ሸለቆ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር ቆየ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን በጀልባ ሊወርደው ሞክሮ ጀልባዎቹ በገደሉ ውስጥ ተሰባበሩ፡፡ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺስማን ከ1925 ጀምሮ ውሃውን ትቶ ጠርዙን ተከተለ፤ በበቅሎና በእግር እየዞረ ያጠናውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ፡፡ መቼም እነዚህ ሰዎች ‹ያልታወቀ› የሚሉት ወንዝ በግራና በቀኙ ጉሙዞች የሚኖሩበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ ወርቅ የሚያጥቡበት ወንዝ ነው፡፡ ያልታወቀው ለለንደን ነበር፡፡

አጼ ምኒልክ ቤኒሻንጉልን ያስገበሩት በ1890 ዓ.ም. ገደማ ራስ መኮንንን አዝምተው ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1894 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ፡፡ በውሉ ውስጥ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ ስለማገድ የሚናገር አንቀጽ ገብቶበታል፡፡ ትርጓሜው እስከ ዘመናችን አከራክሯል፡፡ ለእኔ የሚገርመኝ ግን፣ ያን አንቀጽ ያስጻፈችው እንግሊዝ ወንዙ በየትኛው ጋራ መካከል እንደሚያልፍ ገና በወጉ ሳታውቅ መሆኑ ነው፡፡

ያን በመሣሪያ የለኩት አሜሪካኖች ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንተው አራት ታላላቅ የግድብ ሥፍራዎችን ጠቆሙ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንደያና ‹ድንበር› የተባለው፡፡ ከጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር የወረደው ወንዝ፣ ሜዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት በጉባ ጋራዎች መካከል ለመጨረሻ ጊዜ ይጠባል፡፡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው በዚያ ነው፤ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፡፡

ሰው ሁሉ የሚያወራው 145 ሜትር ስለሚረዝመው ዋናው ግድብ ነው፡፡ እኔን የሚስበኝ ግን ጎኑ ያለው የኮርቻ ግድብ ነው፤ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው እስከ 50 ሜትር ይደርሳል፡፡ ለምን አስፈለገ? ሐይቁ ሲሞላ በጋራዎቹ መካከል ያለች አንዲት ዝቅታ ውሃውን በሌላ በኩል ታስወጣው ስለነበር ነው፡፡ የዴንማርክ መተላለፊያ ጉዳይ ራሱ፤ ውሃ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ደፍ ያውቀዋል፡፡ እዚህ ግን ደፉን ሰው በድንጋይ ሞላው፡፡

74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ ሸለቆውን ሲሸፍን፣ በዳርቻው ይኖሩ የነበሩ ጉሙዞች ተነስተው ወደ ሌላ መንደር ሰፈሩ፡፡ የቀድሞዎቹ ጋራዎች ጫፋቸው ደሴት ሆኗል፤ ዝቅ ያሉት ደግሞ እንደ ቶምሰን ሸንተረር ከውሃ በታች ናቸው፡፡ ወደፊት የሐይቁን ጅረት የሚያጠና ሰው እነሱን በሶናር መለካቱ አይቀርም፡፡ ስማቸውን ግን ሶናር አያነበውም፤ መሻገሪያው ምን ይባል እንደነበር፣ የትኛው ጋራ በማን ጎሣ ስም ይጠራ እንደነበር የሚናገሩት ከዚያ የተነሱት ሽማግሌዎች ናቸውና፣ ካርታ የሚሠራው ሰው በመጀመሪያ እነሱ ደጃፍ ይቀመጥ፡፡